ቪትዜን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ሰርቪስ ላድርጋት፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የ2001 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ፤ ሞተሯ 1.3 ሊትር ነው። ከሰው እጅ ከገዛኋት ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ዘይትና ፊልትሮ አስቀይሬ ከጋራዥ ስመለስ ጎረቤቴ አጎንብሶ ቢያይ፣ ተቀየረ የተባለው ፊልትሮ አቧራ የጠጣው አሮጌው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ ካንዴላውንና የፊት ፍሬን ሸራውን በራሴ እጅ ለመቀየር ቆርጫለሁ። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው። ከመኪናዋ ጋር ከመጣው ክሪክና ከጥቂት ቁልፎች በቀር መሣሪያ የለኝም። የባለቤቴ ወንድም “ፍሬን ሳያውቅ የሚነካ ሕይወቱን የጠላ ነው” ይለኛል። ምን ልግዛ? የትኛውን ልንካ፣ የትኛውን ልተው? በነገራችን ላይ መንገድ ሲጨናነቅ ቀዩ የሙቀት መብራት አልፎ አልፎ ይበራል። ቆሜ አቀዘቅዝና የቧንቧ ውሃ እጨምራለሁ፤ ከዚያ ደህና ትሆናለች። — ከአያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ “በነገራችን ላይ” ብለው መጨረሻ ላይ ያነሱት ነገር ከዘይቱም ከካንዴላውም ይቀድማል። ዘይት ቀኑ አንድ ወር ቢያልፍ ሞተር አይሞትም። ቀይ መብራት እየበራ የተነዳ ሞተር ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፤ ያኔ ወጪው በዘይትና በፊልትሮ ዋጋ የሚለካ አይሆንም። ስለዚህ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል እንበልና ከውሃው እንጀምር።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የእርስዎ ሞተር ፋን ደግሞ የሚነሳው ውሃው ወደ 93 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ፋኑ ገና ሥራውን ሳይጀምር ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፤ ግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። አናቱ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ያለበት ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ እዚህ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ክፍት ድስት እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ራዲያተር ያሳጥባል፣ ቴርሞስታት (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን በር) ያስወልቃል፤ ከሁሉም የሚረክሰውን ክዳን ግን አያይም።

ጠዋት መኪናዋ ቀዝቅዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና ላስቲኩን በጣትዎ ይዳብሱ። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም የብረቱ ቅርጽ ላስቲኩ ላይ ጠልቆ ከታተመ ይቀይሩት። ሌላም ምልክት አለ። ጤነኛ ክዳን ውሃው ሲሞቅ ትርፉን ወደ ጎን ወዳለው ፕላስቲክ ጋን ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። ጋኑ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ካገኙት መልሶ መሳብ አቁሟል። አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩም የአንገቱ ስፋትም አንድ ይሁን።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ፋኑን ይዩ። ሞተሩን አስነስተው ኤሲ ሲያበሩ ፋኑ መዞር አለበት። ኤሲ ጠፍቶ ሞተሩ በቆመበት ሲሞቅም ራሱ መነሳት አለበት። “መንገድ ሲጨናነቅ” ማለትዎ ወደዚህ ያመለክታል፤ መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፣ ሲቆም ፋኑ ብቻ ነው የሚቀረው። በኤሲው ራዲያተርና በውሃው ራዲያተር መካከል የተጋገረ አቧራና ቅጠልም ይህንኑ ችግር ያመጣል። በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት፤ የመኪና እጥበት ኃይለኛ ውሃ ቀጫጭኑን ክንፍ ያስተኛዋል።

የቧንቧ ውሃውን ነገር ግን ይተዉት። ውሃችን ውስጥ ያለው ኖራ ሲሞቅ በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ሞተርዎና ራዲያተርዎ አሉሚኒየም ናቸው፤ ዝገት የሚከላከል ነገር የሌለበት ውሃ ከውስጥ ይበላቸዋል። “እኛ አገር በረዶ የለም፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። ኩላንት (አንቲፍሪዝ የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የምንጨምረው ለበረዶው ብለን አይደለም፤ ዝገት እንዲከላከልና ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ እንዲጠብቅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መድፊያ በእጅዎ ያላሉ። በፒንሳ አያስገድዱት፤ ሃያ ዓመት ያለፈው ፕላስቲክ ይሰበራል። የወጣውን በሳፋ ይቀበሉ፤ ኩላንት ከነበረበት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ልጅም ውሻም አይድረስበት። ከዚያ ዘግተው የተጣራ ውሃ ይሙሉ፣ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው ፋኑ እስኪነሳ ያስሠሯት፣ አቀዝቅዘው ይድፉ። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይደጋግሙት። ጠቅላላ የሚይዘው ከ4 እስከ 5 ሊትር ነው፤ ነገር ግን ከራዲያተሩ ሲደፉ ሁሉም አይወጣም፤ ሞተሩ ብሎክ ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ። ስለዚህ ያልተበረዘ ኩላንት ይግዙና መጀመሪያ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር እሱን ይጨምሩ፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ ይሙሉት። ተበርዞ የተዘጋጀውን ከገዙ ውስጥ የቀረው ውሃ ያቀጥንብዎታል። የተጣራ ውሃ ሲገዙ “የባትሪ ውሃ” በሚል ስም አሲድ እንዳይሰጡዎት ጠርሙሱን ያንብቡ።

አየር ካልወጣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ክዳኑን ሳይገጥሙ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ እንዳለ ሞተሩን ያስነሱ፤ የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጓንት እየጨመቁ ይልቀቁ። አረፋ ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ እርስዎ ይሞላሉ። አረፋው ሲያቆምና ከማሞቂያው ሙቅ አየር ሲመጣ ያጥፉ፣ ክዳኑን ይግጠሙ። አረፋው ፈጽሞ የማያቆም ከሆነ፣ ወይም የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ሥሩ ወተት የተቀባ የሚመስል ከሆነ፣ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ያቁሙና ወደ መካኒክ ይውሰዷት።

ቀይ መብራቱ መንገድ ላይ እንደገና ቢበራ ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን በሙሉ ኃይሉ ይክፈቱ፤ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለ40 ደቂቃ አይንኩት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፣ አይጨምሩም። እንደ እርስዎ ባሉ ብዙዎቹ ቪትዞች ላይ የሙቀት መርፌ የለም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ቀዩ ሲበራ ነገሩ ሄዶ ሄዶ ነው፤ “ቤት ድረስ ላድርሳት” የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

አሁን ወደ ጠየቁን እንሂድ። መጀመሪያ ሞተርዎን ይወቁ። ኮፈኑ ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ የሞተሩ ዓይነት ተጽፏል። በዚያ ዘመን 1.3 ሊትር ቪትዝ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው 2ኤንዜድ-ኤፍኢ ነው፤ ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ቁጥሮች የእሱ ናቸው። ሰሌዳው 1ኤስዜድ ወይም 2ኤስዜድ ካለ የዘይቱ መጠንና ፊልትሮው ይለያልና የመኪናዋን መመሪያ ይዩ። 2ኤንዜድ የሚሠራው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) እንጂ በቺንጋ አይደለም፤ “ታይሚንግ ቺንጋ ይቀየር” የሚልዎት ሰው ካለ መኪናዋን አላያትም። ካቴናውን የሚወጥረው መሣሪያ በዘይት ግፊት የሚሠራ በመሆኑ፣ ለካቴናው የሚያደርጉለት ትልቁ እንክብካቤ ዘይት በጊዜው መቀየር ነው።

ከመሣሪያው ሁሉ በፊት የሚገዛው መኪናዋን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው። ባለ 2 ቶን ሃይድሮሊክ ክሪክና ሁለት የብረት መደገፊያ ይግዙ። ብሎኬት ፈጽሞ አይጠቀሙ። በየግቢው ስለሚገኝ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ምልክት ሳይሰጥ ይፈርሳል። ከሥሩ ያለ ሰው አይተርፍም። ድንጋይም ይንሸራተታል። ይህን ወጪ ማውጣት ካልቻሉ ለጊዜው ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ብቻ ይቀይሩ፤ ለእነሱ መኪና መነሳት የለባትም።

ከዚያ ባለ ግማሽ ኢንች የቡሶላ (የብሎን መፍቻ ኩባያ) ስብስብ 10፣ 12፣ 14 እና 21 ሚሊ ሜትር ያለበት፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው ባለ 16 የካንዴላ ቡሶላ ከረጅም ማራዘሚያ ጋር፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ጓንት፣ ሳፋ፣ ሁለት ታኮ። ቶርክ ሬንች ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ ቢኖር መልካም ነው። ከሌለ ሻንጣ የሚመዘንበትን መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን ይግዙ። ከብሎኑ መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ላይ የቁልፉ እጀታ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሚዛኑን እዚያ ይንጠልጥሉና ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደሠራ ይሳቡ። 15 ኪሎ ሲያሳይ 37 ኒውተን ሜትር ነው፤ የዘይት መድፊያው ብሎን የሚፈልገው ይህን ያህል ብቻ ነው። ለካንዴላ 7 ኪሎ በቂ ነው። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ በዚያው ርቀት 42 ኪሎ ነው። በቤት ሥራ ላይ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው የሚበላሸው ከመጠን በላይ በማጥበቅ እንደሆነ ሲያዩ ይህ ሚዛን ዋጋው ይገባዎታል።

ዘይት ለመቀየር ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስሠርተው ለብ ይበል፤ የጋለ ዘይት እጅ ይልጣል፣ የቀዘቀዘ ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ አይወርድም። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። ክሪኩን ከፊት መሃል ባለው ወፍራም የብረት ማገር ሥር አስገብተው ያንሱ፤ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ኮፓ ላይ ግን ፈጽሞ አያሳርፉት። መደገፊያዎቹን በሁለቱ ጎን ከበሩ በታች ባለው የብረት ጠርዝ ላይ፣ ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ስንጥቅ ምልክቶች ባሉበት ቦታ ያቁሙ። መኪናዋን በእጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው ሳትነቃነቅ ከቀረች በኋላ ብቻ ይግቡ።

መድፊያው ባለ 14 ነው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብ ጠብ እስኪል ይተዉት። ሮንዴላውን በአዲስ ይቀይሩ፤ አሮጌው አንዴ ተጨፍልቋል፤ ሰው “ዘይት ያንጠባጥባል” ብሎ ብሎኑን ደጋግሞ እያጠበቀ የኮፓውን ጥርስ የሚልጠው በዚህች ትንሽ ቀለበት ምክንያት ነው። ብሎኑን በጣትዎ ያስጀምሩት፤ በጣት የማይዞር ከሆነ ጠምሞ ገብቷልና ያውጡት።

ፊልትሮውን ሲፈቱ አንድ ነገር እንዳይዘነጉ። አንዳንድ ጊዜ የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ቀለበት ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱን በላዩ ላይ ከገጠሙት ሁለት ላስቲክ ይደራረባል፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ደህና ትመስላለች፣ መንገድ ላይ ግን ግፊቱ ሲጨምር ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ ትተፋዋለች። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጠው ላስቲኩ እላዩ ላይ መኖሩን ይዩ፣ የሞተሩንም ፊት በጨርቅ ይጥረጉ። የአዲሱን ላስቲክ በንጹሕ ዘይት ቀባ ያድርጉት፤ በእጅዎ ያዙሩት፤ ላስቲኩ ሲነካ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ይጨምሩ፣ በቃ። የፊልትሮ መፍቻ ስሙ እንደሚለው ለመፍቻ ነው። ከገጠሙት በኋላ በቀለም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጎኑ ላይ ይጻፉ፤ የሚቀጥለውን ጋራዥ ቢያሠሩም ተቀየረ አልተቀየረ ብሎ መከራከር አይኖርም።

ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል። ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉውን አይገልብጡት። ወደ 3.4 ሊትር ጨምረው ሞተሩን ያስነሱ። ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰኮንዶች መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉ። ከሥር ያንጠባጥብ እንደሆነ ይዩ። መኪናዋን አውርደው ሜዳ ላይ አቁመው አምስት ደቂቃ ጠብቀው በመለኪያው ዘንግ ይዩ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ቀስ እያሉ ይሙሉ። የዘይቱ ዓይነት 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ይሁን። ሱቅ ውስጥ “አሮጌ ሞተር ነው፣ ወፍራም ይሻላል” ተብሎ 20ደብሊው-50 ይሰጣል፤ ለዚህ ሞተር አንመክረውም፤ ቫልቮቹን የሚያስተካክለው ክፍል በቀጭን መንገድ በሚያልፍ ዘይት የሚሠራ ነው፣ በጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት ዘግይቶ ይደርሰዋል። በአዲስ አበባ አቧራና ጭንቅንቅ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በመጣው ይቀይሩ። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ሰብስበው ለሚቀበል ጋራዥ ይስጡ፤ ቦይ ውስጥ የገባ ዘይት መጨረሻው ወንዝ ነው።

የአየር ፊልትሮ ቅንጥቦቹን ከፍቶ ማውጣት ብቻ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አየር ይነፋል እንጂ አይታጠብም። ወደ ብርሃን ዞር አድርገው ሲያዩት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ጊዜው አልቋል።

ካንዴላ አራት ነው፤ ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ይቀየራል። ሙቅ አሉሚኒየም ጥርሱን ከካንዴላው ጋር ይዞ ይወጣል። እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ ያለውን ኮይል (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል) የያዘውን ባለ 10 ብሎን ፈትተው፣ ሶኬቱን ምላሷን ተጭነው ይንቀሉ፣ ኮይሉን ዞር ዞር እያደረጉ ወደ ላይ ያውጡ። ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን በአየር ይንፉ፤ እዚያ ያለ አሸዋ ካንዴላው እንደወጣ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚገባው። የወጡትን በተራ ይደርድሩና ጫፋቸውን ይመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር ፊልትሮው ታፍኗል፤ ጫፉ በዘይት ከራሰ ሞተሩ ዘይት ይበላል። የካንዴላው ውጭ ማለትም ጉድጓዱ ራሱ ዘይት ካቆረ ግን የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፤ ያ ቀላል ሥራ ነው። የአዲሱ ካንዴላ ጫፍ ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር ይሁን። አዲሱን በማራዘሚያው ጫፍ በጣትዎ ብቻ እያዞሩ እስከ መጨረሻው ያስገቡ፣ ከዚያ በቁልፉ ግማሽ ዙር ያህል ይጨምሩ። ተራው ካንዴላ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኢሪዲየሙ እስከ 100,000 ይሄዳል፣ ግን አስመስለው የሚሠሩት ስለበዛ ከሚያምኑት ሱቅ ብቻ ይግዙ። መለዋወጫ ሊገዙ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የድሮውን በእጅዎ ይዘው፣ “ኦሪጅናል ነው” የሚለውን ቃል ሳይሆን ዕቃውን ከዕቃው ጋር እያስተያዩ ይግዙ።

ፍሬን። የባለቤትዎ ወንድም ግማሽ እውነት አላቸው። የፊት ሸራ መቀየር ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ አደጋው ያለው የፍሬን ዘይት መስመር ሲከፈት፣ ብሎን ሳይጠብቅ ሲረሳና ፔዳሉ ሳይረገጥ መኪና ሲንቀሳቀስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ የሠራ ሰው አጠገብዎ ይቁም፤ አንድ ጎን ጨርሰው ሌላውን ይክፈቱ፤ ያልተነካው ጎን ሞዴል ይሆንዎታል።

ጎማዎቹ መሬት ላይ ሳሉ ዳዶዎቹን በ21 ጥቂት ያላሉ፣ ከዚያ ያንሱ፣ በመደገፊያ ያሳርፉ፣ የወጣውን ጎማ ከመኪናዋ ጠርዝ ሥር ያስተኙት። የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍተው ሞልቶ ከሆነ በንጹሕ ሲሪንጅ ጥቂት ይቅዱ፤ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ወደ ውስጥ ሲመለስ ዘይቱ ተመልሶ ስለሚመጣ ይፈስሳል፣ የፈሰሰው ደግሞ ቀለም ይልጣል። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ከያዙት ሁለት ብሎኖች የታችኛውን ብቻ ይፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 14 ነው። ካሊፐሩ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በሽቦ ያንጠልጥሉት፣ በላስቲክ ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር።

የሸራው ውፍረት፣ ብረቱን ሳይጨምር፣ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየራል፤ 1 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ነው። ውስጠኛውና ውጭኛው ሸራ እኩል መበላት አለባቸው። አንዱ አልቆ ሌላው ወፍራም ከሆነ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ደርቀዋል፤ ሸራ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ፒኖቹን ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ በእጅ ሲገፉ ያለችግር እስኪሄዱ ድረስ የፍሬን ግሪስ ይቀቡ። ተራው የኩሽኔታ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋልና አይሆንም። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ውፍረት ያንብቡ፤ ከዚያ ካነሰ ወይም ጠርዙ በግልጽ ከፍ ካለ ዲስኩም ይቀየራል። አቧራውን በአፍዎ ወይም በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ ርካሽ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

አሮጌውን ሸራ ፒስቶኑ ላይ ደግፈው በሞርሳ ወይም በአናጢ ማጥበቂያ ቀስ ብለው ፒስቶኑን ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ማጠራቀሚያውን እያዩ። አዲሶቹን ሲያስገቡ ፊታቸውን በዘይታማ እጅ አይንኩ፤ ሲያልቅ የምትጮኸው ትንሽ የብረት ምላስ አሮጌው ላይ በነበረችበት ጎን ትሁን። ካሊፐሩን መልሰው ብሎኑን በሚዛንዎ 14 ኪሎ ያህል ያጥብቁ። ግራና ቀኝ ሁልጊዜ አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ የቀየረ መኪና ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

አሁን ሞተሩን ሳያስነሱ የፍሬን ፔዳሉን ይርገጡ። የመጀመሪያው እስከ ወለል ይወርዳል፤ ፒስቶኑ ሩቅ ስለሆነ ነው። ደጋግመው ይርገጡ፣ እስኪደድር። ይህን ሳያደርጉ ማርሽ ያስገባ ሰው ፍሬን የለውም። ከዚያ የዘይቱን ልክ ይዩ፣ ቢጎድል ዶት 3 ይጨምሩ፣ ጎማውን መልሰው መኪናዋን ያውርዱ፣ ዳዶዎቹንም አንዱን ከዚያም ከፊት ለፊቱ ያለውን እያሉ ተራ በተራ ያጥብቁ። ግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ይሞክሩ። ቀጥሎ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 20 ለስለስ አድርገው ወደ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይያዙ፣ በመካከሉ እያቀዘቀዙ፤ ሸራና ዲስክ የሚተዋወቁት ያኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሙሉ ፍሬን አይውረዱ፤ እንዲያውም መቼም ቢሆን ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረድ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ሁለት ዓመት ሲሞላው መቀየር አለበት፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት በቁልቁለት ሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ድንገት ባዶ ይሆናል። የዘይቱን ቅያሬና የአየር ማስወጣቱን ሥራ ግን ለመካኒክ ይተዉት።

የኋላውንም ፍሬን እንደዚያው ይተዉ፤ ከበሮው ውስጥ ያሉት ስፕሪንጎች ያለ ልምድ አይመለሱም። የመሪ ክንዶች፣ የአሞርዛተር ስፕሪንግ፣ የኤሲ ጋዝ፣ የኤርባግ ገመድና የነዳጅ መስመር ከግቢ ሥራ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ ጋራዥ ሲሄዱ ዕቃውን ራሳቸው ሳይሆን እርስዎ ይግዙ፣ ሥራው ሲጀመር ቆመው ይዩ፣ የወለቀው አሮጌ ዕቃ እንዲሰጥዎ ከመጀመሪያው ይስማሙ። ከፍሬን ሥራ በኋላ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና በሚዛኑ ይፈትሹ።